እምነቴን ከሥሩ ስቆፍር የእህቴን ትዝታ አገኘሁ

የማታ ብዕር (ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10)

ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ ደብተር ከፍቼ በግራው በኩል የማምንባቸውን ነገሮች፣ በቀኙ ደግሞ «ከየት አመጣሁት?» ለሚለው ጥያቄ መልሱን መጻፍ ጀመርኩ። ሥራ ቦታ ከአንድ ባልደረባዬ ጋር ስንከራከር «ይህን ግን እንዴት አወቅህ?» ብሎ ጠየቀኝና መልስ አጣሁ። የተከራከርንበት ጉዳይ ተረሳ፤ ጥያቄው ግን ቤቴ ድረስ ተከተለኝ።

መጀመሪያ ላይ ሥራው ቀላል ነበር። «ምድር ክብ ናት» ብዬ ጻፍኩ፤ ከጎኑ «ትምህርት ቤት»። «ማጨስ ሳንባን ይጎዳል»፤ ከጎኑ «ሐኪሞች ሲናገሩ ሰምቼ»። ሃያኛው ላይ ስደርስ የቀኙ ዓምድ ከላይ እስከ ታች «ሰምቼ»፣ «ሰምቼ»፣ «አንብቤ» ሆነ። ራሴ አይቼና መዝኜ የደረስኩበት ሦስት አይሞላም። ይህ እንኳ ብዙም አላስደነገጠኝም፤ ሁሉን ነገር በገዛ እጁ ፈትሾ የሚኖር ሰው የለም።

ያስደነገጠኝ ሃያ አንደኛው ነው። «አንድ ጊዜ የዋሸህ ሰው ሁልጊዜ ይዋሽሃል» ብዬ ጻፍኩ። በቀኙ ዓምድ «ሰምቼ» አላልኩም፤ አንድ የማውቀው ቀን ጻፍኩ። ዐሥር ዓመት ገደማ ሆኖኝ፣ አጎቴ «ነገ መጥቼ እወስድሃለሁ» ብሎ ቃል ገብቶ የቀረበት ቀን ነው። በራችን አጠገብ ካለች ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁት። አዲስ ጫማ አድርጌ ነበር፤ የግራው ማሰሪያ ረዝሞብኝ ሁለት ጊዜ ቋጥሬዋለሁ። ድንጋይዋ ጠዋት ቀዝቃዛ ነበረች፤ እኩለ ቀን ላይ ጋለች፤ ስነሣ ተመልሳ ቀዝቅዛለች። አጎቴ አልመጣም። በማግሥቱ «ሥራ ይዞኝ ነው» አለ። እንዳልያዘው ሁላችንም አውቀናል። ያ እምነት ውስጤ የተተከለው ያን ቀን ነው ብዬ ሠላሳ ዓመት ኖሬያለሁ።

ባለፈው እሁድ ይህን ለታላቅ እህቴ አጫወትኳት። እስክጨርስ ዝም ብላ ሰማችኝና «የግራው ማሰሪያ ነበር፣ አዎ» አለች። ቀጥላ «የተቀመጥኩት ግን እኔ ነኝ። አንተ ያን ቀን ትኩሳት ይዞህ ውስጥ ተኝተሃል። ታሪኩን ያወራሁልህ እኔ ነኝ» አለችኝ።

ጫማው የእሷ ነበር።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። አንድ እምነት የቆመበት መሠረት የሌላ ሰው ትዝታ ሆኖ ቢገኝ እምነቱን ምን ታደርጉታላችሁ? ልሰርዘው ብዕር አነሣሁ፤ እጄ እምቢ አለኝ። አሁንም እውነት ይመስለኛል።

ድንጋይ ፈላጭ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡42)

እጅህ ልክ ናት፤ ስማት። የአንድ ሐሳብ መነሻ ሌላ፣ እውነትነቱ ሌላ። ኬኩሌ የሚባለው ጀርመናዊ ኬሚስት የቤንዝን አቶሞች (መኪና ውስጥ የምንሞላው ቤንዚን አይደለም) በቀለበት መልክ የተያያዙ መሆናቸውን ያስተዋለው የራሱን ጭራ የነከሰ እባብ በሕልሙ አይቶ እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ1890 ተናግሯል። ሕልም በየትኛውም ችሎት ማስረጃ አይሆንም። ቀለበቱ ግን እውነት ነው።

በተቃራኒው የተከበረ ምንጭ ያለው ሐሰት ሞልቷል። ምላስ ተከፋፍሎ ጫፉ ለጣፋጭ፣ ጀርባው ለመራራ የተመደበበትን ሥዕል ስንቶቻችን ከመማሪያ መጽሐፍ ገልብጠናል? በ1901 የወጣ አንድ የጀርመን ጥናት ያሳየው ጥቃቅን የስሜት ልዩነት ነበር። በ1942 አንድ ሌላ መጽሐፍ ውስጥ በድጋሚ ሲሣል ልዩነቱ ተጋነነና ድንበር ሆኖ ቀረ። እውነቱ ግን ጣዕም የሚለየው የምላስ ክፍል በሙሉ ሁሉንም ጣዕም መለየቱ ነው። አንተ ደግሞ ይህን በቀኝ ዓምድህ «ትምህርት ቤት» ብለህ አልፈኸው ይሆናል።

«ከየት አመጣሁት?» የሚለው ጥያቄ የሕይወት ታሪክህን ለሚጽፍ ሰው ይጠቅማል። ዓምዱን ቀደህ ጣለውና «ምን ማስረጃ አለው?» በሚል ተካው።

የሰኔ ዝናብ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡15)

የማታ ብዕር፣ አንተ ላይ ብቻ የደረሰ እንዳይመስልህ። ቻሌንጀር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር እ.ኤ.አ. ጥር 28 ቀን 1986 በፈነዳች ማግሥት፣ ናይሰር የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረባው ጋር ሆኖ ተማሪዎችን ወሬውን የት ሆነው፣ ከማን፣ ምን እያደረጉ እንደሰሙ አስጻፋቸው። ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ከእነዚያው ተማሪዎች ለ44ቱ ያንኑ ጥያቄ መልሶ አቀረበላቸው። ሩብ ያህሉ አንዱንም ነገር ከመጀመሪያው ወረቀታቸው ጋር የሚገጥም አድርገው አልመለሱም። ሲመልሱ ግን ምንም አልተጠራጠሩም። በገዛ እጃቸው የጻፉት ወረቀት ፊታቸው ሲቀርብም የቀድሞው ትዝታ ለአንዳቸው እንኳ አልተመለሰም። አዲሱ ትዝታ አሮጌውን አስወጥቶ ቤቱን ወርሷል።

ስለ «ሰምቼ» ዓምድህ ደግሞ፣ በ1977 የታተመ አንድ ጥናት ሰዎች በሁለት ሁለት ሳምንት ልዩነት ሦስት ጊዜ እየተጠሩ የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች እውነት ይሁኑ ሐሰት እንዲገምቱ አድርጓል። ተደጋግመው የቀረቡት ዓረፍተ ነገሮች፣ ሐሰትም ቢሆኑ፣ በየዙሩ እውነት እየመሰሉ ሄዱ። አብዛኛው እምነታችን የልደት ቀን የለውም፤ ሲደጋገም ነው የገባው። የአንተ ቢያንስ ድንጋይና ጫማ አለው።

ከድንጋይ ፈላጭ ጋር በግማሹ እስማማለሁ። መነሻው ስለተበላሸ እምነቱ ሐሰት ነው አይባልም። ግን ሰው ለአንድ እምነት የሚያቀርበው ምስክር አንድ ብቻ ከሆነና ያ ምስክር «እኔ እዚያ አልነበርኩም» ካለ፣ መዝገቡ ባዶ ነው። ባዶ መዝገብ ይዞ ሠላሳ ዓመት መፍረድ ቀላል ነገር አይደለም።

ጥያቄ ብቻ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡20)

የእህትህ ትዝታስ ከየት መጣ?

ድንጋይ ፈላጭ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡23)

ይህ ሰው በሁለት ወር አንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፤ እሱም እንቅልፍ ይነሣል።

አንድ ተማሪ (ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡30)

የውይይቱን ክር ሌሊቱን ሙሉ አነበብኩት። እኔ የሚመስለኝ ነገሩ በአንድ በአንድ መሆን የለበትም። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴካርት እ.ኤ.አ. በ1641 ያሳተመውን ሐሳብ ሲከላከል ያቀረበው ምሳሌ አለ። ቅርጫትህ ውስጥ ካሉት ፖሞች አንዳንዶቹ በስብሰው ይሆናል ብለህ ብትሰጋ፣ ሁሉንም ገልብጠህ አንድ በአንድ እያየህ ጤነኞቹን ብቻ ትመልሳለህ። የማታ ብዕርም ሃያ አንዱንም ቢደፋና ከማይናወጥ ነገር ቢጀምር ይሻላል። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባል የለ?

የእኛው ፈላስፋ ዘርዓ ያዕቆብም (ንጉሡ አይደለም) በሐተታው የሚለው ይህንኑ ነው። ዋሻ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ፣ ሁሉም «የእኔ ሃይማኖት ትክክል ነው» እያለ ማን ሊፈርድ ይችላል ብሎ ይጠይቃል። ከዚያም የሰማውን ሁሉ በልቦናው ብርሃን ይመረምራል።

ድንጋይ ፈላጭ (ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡05)

ተማሪው ጥሩ ምስክር ጠራልኝ። ሐተታው ራሱ የተጻፈበትን ጊዜ እ.ኤ.አ. 1667 ነው ይላል። ጣሊያናዊው ምሁር ኮንቲ ሮሲኒ ግን በ1920 «ጸሐፊው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ሚስዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው» አለ። እነ ክላውድ ሳምነር ደግሞ ዘርዓ ያዕቆብ ነው ብለው ተሟገቱ፤ ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። መሠረትን ስለ መመርመር የሚናገረው መጽሐፍ የራሱ መሠረት እየተመረመረ ነው። ይሁንና «ሁሉም የእኔ ትክክል ነው ካለ ፈራጁ ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ በየትኛውም መቶ ዓመት ቢጻፍ ያው ጥያቄ ነው። ትናንት ስለ መነሻ ያልኩት ይህን ነበር።

አሮጌው መምህር (ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡40)

ልጆች፣ ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ አስተምሬያለሁና ስለ መሠረት አንድ ሁለት ነገር ልበል።

በመጀመሪያ ስለ ቅርጫቱ። ፖሞቹን ስትገለብጥ የምትመረምርባቸው ዓይኖችህ ከቅርጫቱ ውጪ ናቸው። እምነት ላይ ግን ዓይኖቹም ቅርጫቱ ውስጥ ናቸው። ኖይራት የሚባል ኦስትሪያዊ የተሻለ ምሳሌ አለው፤ ባሕር መካከል ሆነን መርከባችንን የምንጠግን መርከበኞች ነን ይላል። ወደብ የለም። አንዱን ሳንቃ ስትነቅል በሌላው ላይ መቆም አለብህ። ተማሪዬ፣ ሁሉንም ሳንቃ በአንድ ሌሊት መንቀል ያሰበ ሰው የት ቆሞ ሊነቅል ነው?

ሁለተኛው፣ መሠረት ሲነቀል ሁልጊዜ ቤት አይፈርስም። የዩክሊድ አምስተኛው መነሻ ሐሳብ (ከመስመር ውጪ ባለች ነጥብ በኩል አንድ ትይዩ መስመር ብቻ ያልፋል የሚለው) ሁለት ሺህ ዓመት ያህል ሰዎችን ሲያስጨንቅ ኖሯል። ከሌሎቹ መነሻዎች ላረጋግጠው ያለ ሁሉ ወደቀ። የሃንጋሪያዊው የሒሳብ ሊቅ የቦያይ አባት ዕድሜውን የፈጀበት ስለነበር ልጁን ከዚህ ነገር እንዲሸሽ በደብዳቤ ለምኖታል። ልጁ አልሰማም። ሩሲያዊው ሎባቼቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1829፣ ቦያይ በ1832 መነሻውን ራሱን ለውጠው ሌላ ጂኦሜትሪ አቆሙ፤ ምንም አልተናደም። አሮጌው ጂኦሜትሪ ዛሬም ጠረጴዛ ሲሠራ ያገለግላል። እኔ ራሴ ይህን መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን ያስተማርኳቸው ልጆች ሁሉ ፊቴ ላይ ተደረደሩብኝ፤ «ብቸኛው እውነት» ብዬ ነበር የሰጠኋቸው።

ሦስተኛው ዋናው ነው። ክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ የምሠራው ጨዋታ አለኝ፤ ዌሰን የተባለ እንግሊዛዊ በ1960 ያወጣው ነው። ሰሌዳ ላይ 2፣ 4፣ 6 እጽፍና «እነዚህ ቁጥሮች አንድ ሕግ ያከብራሉ፤ ሌሎች ሦስት ሦስት ቁጥሮች እየሰጣችሁኝ ሕጉን አግኙ፤ አዎ ወይም አይደለም ብቻ እላለሁ» እላቸዋለሁ። ተማሪዎቹ 8፣ 10፣ 12 ይላሉ፤ አዎ። 20፣ 22፣ 24፤ አዎ። 100፣ 102፣ 104፤ አዎ። ከዚያ አንዱ ደረቱን ነፍቶ «በሁለት በሁለት የሚጨምር ሙሉ ቁጥር» ይላል። አይደለም። ሕጉ «እያደገ የሚሄድ ቁጥር» ብቻ ነው። 1፣ 2፣ 57 ቢሉም አዎ ነበር። 6፣ 4፣ 2 ብሎ «አይደለም» የሚለውን መልስ ሆን ብሎ የሚፈልግ ልጅ በዓመት አንድ ባገኝ ነው።

የማታ ብዕር፣ ሕግህ «አንድ ጊዜ የዋሸ ሁልጊዜ ይዋሻል» ነው። ይህን ሕግ ሊያፈርስ የሚችለው አንድ ጊዜ ዋሽቶ ደግሞ ያልዋሸ ሰው ነው። እስኪ ልጠይቅህ፤ አንድ ሰው ሲዋሽህ ምን ታደርጋለህ? ትርቀዋለህ አይደል? ከራቅኸው በኋላ ደግሞ መዋሸቱንና አለመዋሸቱን በምን ታያለህ? ሕጉ ፈተናውን ራሱ ከልክሎታል። ሠላሳ ዓመት ያልተሸነፈው እውነት ስለሆነ ሳይሆን ግጥሚያ ገብቶ ስለማያውቅ ይሆናል።

የማታ ብዕር (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡30)

መምህር፣ ይህን ካነበብኩ በኋላ ከሰዓት በኋላ ያለውን ሥራዬን በቅጡ አልሠራሁትም። እርስዎ እንዳሉት ነው፤ እርቃለሁ። ሁልጊዜም ስርቅ ኖሬያለሁ። ብልህነት ይመስለኝ ነበር።

ለጥያቄ ብቻ፦ እህቴ እንዴት እርግጠኛ እንደሆነች ልጠይቃት ደወልኩ። «ጫማው እግሬን ልጦት ነበር፤ ጠባሳው አለ» አለች። ጠባሳ ጥሩ ማስረጃ መሰለኝ፤ በኋላ ሳስበው ግን ጠባሳው ጫማው እግሯን መላጡን እንጂ ያን ቀን መሆኑን አይናገርም። እናታችንን ጠየቅናት። እናቴ አጎቴ ቃል ገብቶ የቀረበትን ቀን ጭራሽ አታስታውሰውም። «እሱ የቀረው አንድ ቀን ብቻ ቢሆን ኖሮ አስታውሰው ነበር» ብላ ሳቀች።

ብርሃን ጠባቂ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05)

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ እኔ አማኝ ነኝና ይህን ክር ሳነብ አንድ ነገር ከነከነኝ። ሁላችሁም እምነትን ማስረጃ እንደሚጠይቅ የመርማሪ መዝገብ ብቻ አድርጋችሁ ነው የምታወሩት። ቋንቋችን ግን እንዲህ አይልም። «ዝናብ ይዘንባል ብዬ አምናለሁ» ስል አንድ ነገር እውነት ነው ማለቴ ነው። «አንተን አምንሃለሁ» ስል ግን መረጃ አልሰጠሁህም፤ ራሴን ነው የሰጠሁህ። «ታማኝ» የሚለው ቃል ከዚሁ ሥር ነው። የማታ ብዕር ሃያ አንደኛው ላይ የጻፈው ከሃያዎቹ ጋር አንድ ደብተር ውስጥ መግባት ያልነበረበት ለዚህ ነው። ስለ ምድር ክብነት የሚጠየቅ ማስረጃ ለሰው አይጠየቅም። ጓደኛህን በየዕለቱ ብትፈትነው በመጨረሻ የምታገኘው ማስረጃ ብቻ ነው፤ ጓደኛ አይኖርህም።

ጥርጣሬን አላጣጥልም። በ11ኛው ክፍለ ዘመን የተወለደው የእስልምና ሊቅ ጋዛሊ አንድ ጊዜ ዓይኑንም ልቦናውንም ማመን አቅቶት ነበር። ኮከብ ለዓይን የሳንቲም ያህል ናት፤ ስሌት ግን ከምድር ትበልጣለች ይላል። ዓይን በስሌት ከተረታ ስሌትስ እኛ በማናውቀው በሌላ ነገር ላይረታ ምን ዋስትና አለው ብሎ ሁለት ወር ያህል ታመመ። የወጣውም ክርክር አዘጋጅቶ ሳይሆን እግዚአብሔር ልቡ ውስጥ በጨመረው ብርሃን እንደሆነ ራሱ ጽፏል።

ድንጋይ ፈላጭ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20)

ይህማ የታወቀ መውጫ ነው። ማስረጃ ሲጠየቅ «የእኔ እምነት ሌላ ዓይነት ነው» ማለት። እንዲህ ከሆነ የማንኛውም አጭበርባሪ ተከታይ ይህንኑ ይላል። «ለምን?» ብለህ ስትጠይቅ መጨረሻው ከሦስት አንዱ ነው፤ ማለቂያ የሌለው «ለምን»፣ ዞሮ ራሱ ላይ የሚመጣ ክብ፣ ወይም «እዚህ ላይ አቁም» የሚል ግድግዳ። የጥንት ግሪክ ተጠራጣሪዎች ይህን አስቀምጠውልናል። አንተ ግድግዳውን ቀለም ቀብተህ ብርሃን አልከው። ደካሞች

አወያይ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡31)

የድንጋይ ፈላጭ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ተቆርጧል። ሐሳቡን ምቱት፤ ሰውየውን ተዉት።

ብርሃን ጠባቂ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡50)

አልተቀየምኩም። ወንድሜ ድንጋይ ፈላጭ፣ አንተም ግድግዳ አለህ። ማስረጃ መከተል እንዳለብን በምን ማስረጃ አረጋገጥክ?

ድንጋይ ፈላጭ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡40)

ለዚህ ወዲያው መልስ ልሰጥ ጀምሬ ሦስት ጊዜ አጠፋሁት። እሺ። ግድግዳ አለኝ። ፈላስፋው ቪትገንሽታይን ከሞቱ ሁለት ቀን በፊት ድረስ ሲጽፍበት የነበረው ማስታወሻ ውስጥ፣ በር እንዲዞር ከተፈለገ ማጠፊያው መቆም አለበት ይላል። የእኔ ማጠፊያ ማስረጃ ነው። ማጠፊያ መሆኑን አልክድም። ልዩነታችን ግን አለ፤ የእኔ ማጠፊያ ሌሎቹን በሮች ሁሉ ይከፍታል። ያንተ የትኛውን እንደሚዘጋ ንገረኝና እንቀጥላለን። ለስድቡ ይቅርታ፤ ያልተገባ ነበር።

የሰኔ ዝናብ (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡15)

ብርሃን ጠባቂ ስለ ቃሉ ያነሣው ነገር ሌሊቱን አልለቀቀኝም። ሦስተኛ ትርጉምም አለው እኮ። ፍርድ ቤት ዜና ላይ «ተከሳሹ አመነ» ሲባል ምን ማለት ነው? ጥፋቱን ተናዘዘ ማለት ነው። አንድ ነገር እውነት ነው ማለት፣ በሰው መታመን፣ ጥፋትን መናዘዝ፤ ሦስቱም ማመን ናቸው። የማታ ብዕር የመጀመሪያውን ፍለጋ ቆፍሮ ሁለተኛው ላይ ወድቋል። ሦስተኛው የቀረ ይመስለኛል።

ጥያቄ ብቻ (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡18)

በዚህ ሕግ ማንን አጣህበት?

የማታ ብዕር (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5፡55)

ቀኑን ሙሉ ይህን ጥያቄ ስሸሽ ነበር።

ከትምህርት ቤት ጀምሮ የነበረኝ አንድ ጓደኛ አለ፤ ነበረ ልበል። ከሰባት ዓመት በፊት አንድ ምሽት ታምሜያለሁ ብሎ ቀጠሮ ሰርዞ፣ ያኑ ምሽት ከሌሎች ጋር ተቀምጦ በመስኮት አየሁት። መስታወቱ ላይ ዝናብ ነበር፤ ሲስቅ አየሁት። አልገባሁም፣ አልደወልኩም፣ አልጠየቅሁም። ሦስት ጊዜ ደወለ፤ አላነሣሁም። ከዚያ እሱም ተወው። በዚህ ውሳኔዬ አንድም ቀን አልተቆጨሁም፤ ከኋላዬ ያ ድንጋይና ያ ጫማ ነበሩኛ። «ይህን ነገር አውቀዋለሁ፤ ዐሥር ዓመቴ ላይ አይቼዋለሁ» ብዬ ነበር ለራሴ ያልኩት።

አላየሁትም። ትኩሳት ይዞኝ ተኝቼ ነበር። እህቴ፣ ጠብቃ የቀረችው እሷ፣ አጎታችንን እስኪሞት ድረስ በየበዓሉ ትጠይቀው ነበር። ቁስሉ የእሷ ሆኖ ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ይቅርታ፣ ክሩን ከፍልስፍና አወጣሁባችሁ።

አሮጌው መምህር (ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1፡10)

ከፍልስፍና አላወጣኸውም። አንድ ምክር ልስጥህና ልተውህ። ዳርዊን ለብዙ ዓመታት የያዘው ልማድ ነበረው፤ ከሐሳቡ ጋር የሚቃረን ነገር ሲያጋጥመው ወዲያውኑ ይጽፈዋል። የሚስማማው ሳይጻፍም አይረሳም፤ የሚቃረነው ግን ቶሎ ከአእምሮ እንደሚያመልጥ በልምድ አይቷል። ደብተርህ ላይ ሦስተኛ ዓምድ አስምር። ስለዚያ ጓደኛህ ከሕግህ ጋር የማይስማማ የምታስታውሰው ነገር ካለ ዛሬውኑ ጻፈው።

መጀመሪያ ግን ራስህን አስገባበት። አንተ ዋሽተህ አታውቅም?

አንድ ተማሪ (ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1፡40)

መምህር፣ እኔ ትናንት ሁሉንም ፖም ልደፋ ሞክሬ ነበር። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ፤ ከዚያ ራበኝና ተውኩት። ሳንቃ በሳንቃ ይሻላል ያሉት ገብቶኛል።

ድንጋይ ፈላጭ (ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡00)

እኔ ግን አንድ ነገር ልቃወም። ሁላችሁም ወደ እርቅ እየገፋችሁት ነው። ሕጉ ማስረጃ አጣ ማለት ተቃራኒው ተረጋገጠ ማለት አይደለም። ያ ሰው ዋሽቷል፤ ይህ ሐቅ ነው። ደግሞ ይዋሻል ወይ? አይታወቅም። «አይታወቅም» ከ«ይቅር በለው» ጋር አንድ አይደለም። «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» የተባለውም ከመሬት ተነሥቶ አይደለም።

የሰኔ ዝናብ (ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡25)

እስማማለሁ። ግን የማይታወቅ ነገር የሚታወቀው በመጠየቅ ነው፤ እሱ ደግሞ ሰባት ዓመት ሙሉ አልጠየቀም። የሚጥል ፈረስም ቢሆን መጣሉ የሚታወቀው ወጥተህበት ነው።

የማታ ብዕር (እሁድ፣ ከምሽቱ 1፡20)

ሦስተኛውን ዓምድ አሰመርኩ። ስለ ጓደኛዬ ዐሥራ አራት ነገር ጻፍኩ፤ ከዐሥራ አራቱ ዐሥራ አንዱ ከሕጉ ጋር አይገጥምም። መምህር ስለ ራሴ ለጠየቁኝ ደግሞ፦ አዎ፣ ዋሽቻለሁ፤ እሱንም ጨምሮ። ሃያ አንደኛውን ስጽፍ «ሰው» ያልኩት እኔን አይጨምርም ነበር መሰለኝ።

ዓርብ ማታ ጻፍኩለት። ብዙ አላብራራሁም። «ከሰባት ዓመት በፊት ስለዋሸኸኝ ነገር ላነጋግርህ እፈልጋለሁ፤ ሳልጠይቅህ መራቄ ጥፋቴ ነው» አልኩ። ቅዳሜን ሙሉ ስልኬን ስገለባብጥ ዋልኩ። ዛሬ ጠዋት መልስ መጣ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፦

«የትኛውን ውሸት ነው የምትለኝ?»

ድንጋይ ፈላጭ (እሁድ፣ ከምሽቱ 1፡24)

ሕጉ ነፍስ ዘራ!

ብርሃን ጠባቂ (እሁድ፣ ከምሽቱ 1፡31)

ወይም ሰውየው አመነ፤ የሰኔ ዝናብ እንዳለችው በሦስተኛው ትርጉም።

ጥያቄ ብቻ (እሁድ፣ ከምሽቱ 1፡33)

ስንት ነበሩ?

የማታ ብዕር (እሁድ፣ ከምሽቱ 4፡48)

አሁን ስልኩን ዘጋን። አራት አለ። የመስኮቱን ቀን እሱ ሁለተኛ አድርጎ ነው የቆጠረው፤ ለምን እንደዋሸ ነግሮኛል፣ እዚህ የማወራው አይደለም። መልሱ ግን እኔ ሰባት ዓመት ከገመትኩት ጋር አይገናኝም። ሦስተኛውን ገና አልነገረኝም፤ ረቡዕ እንገናኛለን።

አራተኛው የሠርጌ ቀን ነው። ያደረግኩትን ጫማ «በጣም ያምርብሃል» ብሎኝ ነበር።